ከደብር ጥላ ወደ ኪራይ ቤት፦ ክርስትና በባሕር ዳር በምን ይቀጥላል?

ሃይማኖትና መንግሥት በተነካኩ ቁጥር «ሴኩላር» የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ይነሣል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን በሾሙ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንግሥት በውስጥ ጉዳይዋ ጣልቃ ገብቷል ስትል ከሰሰች፤ ምእመናንም በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰው ወደ ፈጣሪያቸው ጮኹ። ያን ጊዜ ጥያቄው «ሴኩላር መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲርቁ ያው ቃል እንደገና ተጠቀሰ፤ አንዱ ለመከልከል፣ ሌላው ለመፍቀድ ማስረጃ አደረገው።

በባሕር ዳር ቃሉ ሌላም መልክ አለው። እዚህ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ልጆች ሲወራ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጾም ተወ፤ እኅቱ ወደ ሌላ ቤተ እምነት ሄደች፤ የጎረቤት ልጅ «እኔ በምንም አላምንም» አለ፤ ወላጆችም ነገሩን «ዘመኑ ነው» ብለው ይዘጉታል። የመንግሥት ገለልተኝነት፣ የእምነት መላላትና የጎረቤት ልዩነት እየተቀላቀሉ ስለሚነገሩ፣ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም ዒላማውን ይስታል። ሕግ ያላመጣውን ችግር በሕግ ለመፍታት ይሞከራል፤ ጎረቤት ባላመጣው ችግር ጎረቤት ይወቀሳል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ በጣና ዳርቻ የክርስትና እምነት የተፈተነው መንግሥት ከሃይማኖት ስለተለየ፣ ወይም መስጊድና የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ስላሉ አይደለም። የተፈተነው እምነቱን ከወላጅ ወደ ልጅ ያሻግሩ የነበሩ ትንንሽ ሥርዓቶች፣ ማለትም የንስሐ አባት፣ የጽዋ ማኅበር፣ የአብነት ትምህርት ቤትና የአጥቢያ ትውውቅ፣ ከከተማው ኑሮ ጋር መራመድ ስላቃታቸው ነው። እነዚህ ካልተጠገኑ አዋጅም አጥርም አይተካቸውም።

ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች

የመጀመሪያው የመንግሥት ጠባይ ነው። ሴኩላር መንግሥት ማለት የራሱ ሃይማኖት የሌለው፣ ዜጎቹንም በእምነታቸው የማይለይ መንግሥት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንቀጽ 27 ነው። በእርሱ መሠረት አማኞች ሃይማኖታቸውን ለማስፋፋትና ለማደራጀት የትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት ማቋቋም ይችላሉ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት አላቸው። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። ሦስቱ አብረው ሲነበቡ መልእክታቸው ግልጽ ነው፤ እምነትን ማስተማር የመደበኛው ትምህርት ቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰቡና የቤተ እምነቱ ኃላፊነት ሆኗል። ሕጉ ማስተማርን አልከለከለም፤ ማን ማስተማር እንዳለበት ግን ወስኗል።

ገለልተኝነት ሲባልም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣችው ሕግ መንግሥትን ከቤተ ክርስቲያን ለየች፤ በ2004 ደግሞ ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስወጣች። በአሜሪካ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም የተከለከለውን ያህል የእምነት ነጻነትን እንዳይነካም ተከልክሏል። ቱርክ ራሷን ሴኩላር እያለች የመስጊድ ኢማሞችን የምትቀጥረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። በኢትዮጵያ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካና መስቀል ከመውሊድ፣ ከኢድ አል ፈጥርና ከአረፋ ጋር ብሔራዊ በዓላት ናቸው፤ ባለሥልጣናትም በመስቀል ደመራ ላይ ንግግር ያደርጋሉ። ይህ የፈረንሳይ መንገድ አይደለም። በትምህርት ቤት አለባበስ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ የማያልቀውም፣ ተከራካሪዎቹ «ሴኩላር» ሲሉ እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት የተለያየ አገር አሠራር ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ሴኩላራይዜሽን የሚባለው ሂደት ነው፤ ሰዎች ከሃይማኖታዊ ሥርዓት ቀስ በቀስ ሲርቁ ማለት ነው። ሦስተኛው ብዝኃነት ነው፤ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች አብረው ሲኖሩ፣ አንድ እምነት ለሁሉም እንደ አየር የሚተነፈስ ነገር መሆኑ ቀርቶ ከሌሎች አማራጮች ጎን ሲቆም ነው።

ሦስቱ የግድ አብረው አይሄዱም። እንግሊዝ ዛሬም የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አላት፤ የበላይ ጠባቂዋም ንጉሡ ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግላንድና በዌልስ በተደረገው ቆጠራ «ክርስቲያን ነኝ» ያለው 46.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት 72 በመቶ ገደማ ነበር። «ሃይማኖት የለኝም» ያሉት 37.2 በመቶ ደርሰዋል። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆን ምእመኑን አላቆየለትም። በአንጻሩ በአገር አቀፍ ደረጃ የመንግሥት ሃይማኖት ኖሯት በማታውቀው አሜሪካ ክርስትና ለረጅም ዘመን ከአውሮፓ ይልቅ በርትቶ ቆይቷል።

ሐይቁ ዳር የታየው የመንግሥት ሃይማኖት

ለዚህ ምስክር ፍለጋ አውሮፓ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊካዊነትን ተቀብለው በሥልጣናቸው ሕዝቡን ሊያስከትሉ ሲሞክሩ፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ ተቀምጠው ነበር። ውጤቱ ለዓመታት የዘለቀ የእርስ በርስ እልቂት ሆነ። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የሕዝቡን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ይህ ታሪክ በየዐውደ ምሕረቱ ሲነገር የሚሰጠው ትምህርት «ተዋሕዶ አትሸነፍም» የሚል ነው፤ እውነትም አለው። ግን ያው ታሪክ ሌላም ያስተምራል፦ በንጉሥ ትእዛዝ የመጣ እምነት በሕዝብ ልብ ሥር አይሰድም። ይህ ሕግ ለሱስንዮስ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ እንዲጠመቁ ሲገደዱ፣ ብዙዎች በውጭ ተጠምቀው በውስጥ በእስልምናቸው ጸኑ፤ ሌሎችም ተሰደዱ። ኢየሱሳውያን ያደረሱትን በደል የሚያስታውስ ክርስቲያን ይህንንም ማስታወስ ይገባዋል።

የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ በመንግሥት እንድትደገፍ ደነገገ። ዕድሜው ሃያ ዓመት አልሞላም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አድባራትና ገዳማት ለዘመናት የኖሩበትን ርስት በአንድ ቀን አጡ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። በዚያ ዘመን ኦርቶዶክሱን ያቆየው ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ የመንደሩ ቄስ፣ የእናት ጾም፣ በየወሩ የሚዞረው ጽዋ ነበር። ጸሎት ቤቶቻቸው የተዘጉባቸው ወንጌላውያን ደግሞ በየመኖሪያ ቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ አለፉት፤ ከደርግ በኋላም በዝተው ወጡ። ሁለቱ በብዙ ነገር የሚለያዩ ማኅበረሰቦች ያን ዘመን የተሻገሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ሰው ሰውን በስሙ በሚያውቅበት ትንሽ ስብስብ።

ቆጠራው የሚለውና የማይለው

ከሕዝብና ቤት ቆጠራዎች እንደምንረዳው በአገር አቀፍ ደረጃ የኦርቶዶክስ ምእመናን ድርሻ በ1987 ዓ.ም. ከነበረበት 50.6 በመቶ በ1999 ዓ.ም. ወደ 43.5 በመቶ ዝቅ ብሏል። በዚያው ጊዜ የፕሮቴስታንቶች ድርሻ ከ10.2 ወደ 18.6 በመቶ ከፍ አለ። ስለዚህ በኢትዮጵያ እስካሁን የታየው ለውጥ ከእምነት ወደ አለማመን ሳይሆን በአብዛኛው ከእምነት ወደ እምነት ነው። ከእንግሊዝ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም።

በአማራ ክልል በ1999 ዓ.ም. 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ነበር። በባሕር ዳር ከዐሥር ነዋሪ ዘጠኙ ያህል ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ ስምንት ያህሉ ሙስሊም፣ ቀሪዎቹ ፕሮቴስታንትና ሌሎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን በጣም አድጋለች።

እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ነው። የንስሐ አባት እንዳለው፣ መቼ እንደቆረበ፣ ልጁ አቡነ ዘበሰማያትን ከማን እንደተማረ አይነግሩንም። ዘጠና በመቶ መሆን ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ብዙኃን የሆነ ማኅበረሰብ ማስተማርን ይረሳል፤ አካባቢው ራሱ ያስተምራልና። በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ቤቱ ይዘጋል፣ ቁርስ ቤቱ የጾም ፍርፍር ያቀርባል፣ ጎረቤት ሁሉ ይጾማል፤ ልጁም «ለምን?» ብሎ ሳይጠይቅ ሃምሳ አምስቱን ቀን ይፈጽማል። ጥቂት የሆነ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በባሕር ዳር ያለ ሙስሊም ወላጅ ልጁን ቁርኣን ካላስቀራ፣ ወንጌላዊ ወላጅም የእሑድ ትምህርቱን ካልተከታተለ፣ ከተማው በእነርሱ ፋንታ አያስተምርላቸውም። ለዚህ ነው ከእነርሱ ልጆች መካከል የሚያምኑትን በቃል ማስረዳት የሚችል ብዙ የሚገኘው።

እምነት የሚሻገርባቸው መንገዶች

በጣና ዳር ያለውን ዘጌን እንውሰድ። በልሳነ ምድሩ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያምና ሌሎችም ገዳማት አሉ። በትውፊቱ መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በሬ ጠምዶ ማረስን ስለከለከሉ ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ኖሯል፤ ደኑም በዚህ ተጠብቋል። እዚያ የሚያድግ ልጅ ለምን እንደማያርሱ ሲጠይቅ መልሱ የጻድቁ ታሪክ ነው። መተዳደሪያው፣ መልክዓ ምድሩና እምነቱ አንድ ላይ ተገምደዋል። ይህ ልጅ በጀልባ ተሻግሮ ባሕር ዳር ሲገባና አንድ ክፍል ሲከራይ፣ ያ ሁሉ አስተማሪ ከኋላው ይቀራል። የያዘው በልቡ ያለውን ብቻ ነው፤ በልቡ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍቅርና ልማድ እንጂ ትምህርት አይደለም።

የጽዋ ማኅበርን ቀረብ ብለን ብናየው ችግሩ ይበልጥ ይገለጻል። በገጠር አጥቢያ ጥቂት ቤተሰቦች በአንድ ቅዱስ ስም ይሰባሰባሉ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም። ባለተራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፤ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ ጽዋው ይዞራል። የተጣሉ አባላት ካሉ ሳይታረቁ አብረው አይጠጡም። የቀረ ሰው ካለ የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የታመመም ይጠየቃል። በመጨረሻ ጽዋውን የሚቀጥለው ተረኛ ተቀብሎ በክብር ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ልጆች ይህን ሁሉ ከጥግ ሆነው ያያሉ፤ የቅዱሱን ገድል ይሰማሉ፤ አባታቸው ከተጣላው ሰው ጋር ሲታረቅ ያያሉ። በአንድ ምሽት ትምህርት፣ ንስሐ፣ ማኅበራዊ ዋስትናና ጸሎት አብረው ተፈጸሙ ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ ኪራይ ቤት እናምጣው። ተከራዩ በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉት አምስትና ስድስት ክፍሎች አንዱን ይዟል። ጋን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ብቅል ማስጣት፣ ጌሾ መውቀጥ፣ እንጨት ማንደድ ከአከራይ ጋር ያጣላል። ውኃው በፈረቃ ነው። በሩ በጊዜ ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ሲጨመርበት ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ጽዋ ሊያዞር አይችልም፤ ያልቻለው ግን እምነቱ ስለቀዘቀዘ አይደለም። ብዙዎች መዋጮአቸውን በባንክ እየላኩ ማኅበሩን በገጠር ባሉ ዘመዶቻቸው በኩል ያቆዩታል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ልጆቻቸው ግን ከጥግ ሆነው የሚያዩት ነገር የለም።

የንስሐ አባትም እንዲሁ። በአጥቢያው ሥርዓት ቄሱ የእያንዳንዱን ቤት ኑሮ ያውቃሉ፤ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እርሳቸው አሉ፤ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ የባልና ሚስቱን ፊት አይተው ችግር መኖሩን ይረዳሉ። ከተማ የገባው ወጣት የንስሐ አባቱ አገር ቤት ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ሲመለስ ያገኛቸው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ይህም ቀጭን ክር ተበጥሷል። በከተማው አዲስ የንስሐ አባት መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን በትልቅ ደብር የሚያገለግል አንድ ካህን የሚከተሉት ሰዎች ብዛት ቤት ለቤት እየዞሩ ለመጠየቅ አያስችልም። ግንኙነቱ ወደ ስልክ፣ ከዚያም ወደ ስም ብቻ ይወርዳል።

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ በየዘመኑ ሊቃውንትን አፍርተዋል። ተማሪው በልጅነቱ ከወላጆቹ ርቆ በመምህሩ ደጃፍ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ የተሰጠውን ቁራሽ ይዞ ተመልሶ ይማራል። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ እያንዳንዱ ቤት ዓመታት ይወስዳል። ወጪው የሚሸፈነው በገበሬው ማዕድ ነው። ቁራሽ የምትሰጠው እናትም በየቀኑ በደጇ የሚቆመውን ልጅ ስታይ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት በእርሷ እንጀራ እንደሚቀጥል ታውቅ ነበር።

በከተማ ይህ ሰንሰለት በብዙ ቦታ ይበጠሳል። የብረት በርና የግቢ ውሻ ልመናውን ከቤቱ እመቤት ጆሮ ያርቁታል። የእህል ዋጋ ሲንር ቁራሹ ያንሳል። ጸጥታው ሲደፈርስ ወላጅ ልጁን ራቅ ወዳለ ጉባኤ ቤት መላክ ይፈራል። መደበኛው ትምህርትም ጊዜውን ይወስዳል፤ ወላጅ ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲጨርስለት መመኘቱ ጥፋት አይደለም። ውጤቱ ግን ሕንጻው በሚያምር ደብር ውስጥ የዜማ መጽሐፉን ድጓን አብጠርጥሮ የሚያውቅ መሪጌታ እየጠፋ መሄዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ብር ሲሰበሰብ ሰው ይረባረባል፤ ለአብነት መምህር ቋሚ ደሞዝና ለተማሪው ቀለብ ሲጠየቅ እጅ ያጥራል። ይህ አለመመጣጠን በሌላ በማንም አልተጫነብንም።

የዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና ከመምህራን ኮሌጁ ውህደት ሲመሠረት፣ ከተማዋ ከመላው አገሪቱ ወጣት የሚሰበሰብባት ሆነች። በፔዳ ወይም በፖሊ ግቢ መኝታ ክፍል የጎጃም ልጅ ከወላይታ ወንጌላዊ፣ ከጅማ ሙስሊም ጋር አንድ ክፍል ይደርሰዋል። ጥያቄው የሚመጣው እዚያ ነው፦ «ለምን ወደ ቅዱሳን ትጸልያላችሁ? ለምን ይህን ያህል ትጾማላችሁ?» ጥያቄው በአብዛኛው በክፋት አይነሣም። መልሱ «እናቴ እንዲህ ታደርግ ስለነበር» ብቻ ከሆነ ግን ለጠያቂውም ለተጠያቂውም አይበቃም።

ይህን ክፍተት ያየ ተቋም መኖሩ መልካም ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ግቢ ጉባኤያት ያስተባብራል፤ ተማሪዎች ማታ ማታና በሰንበት በግቢያቸው አቅራቢያ ባለ ደብር ተሰብስበው ነገረ ሃይማኖት፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይማራሉ። ገጠር ለነበረው ልጅ ግቢ ጉባኤው አዲስ አጥቢያ ይሆንለታል። የወንጌላውያን ተማሪዎችም የራሳቸው ኅብረት አላቸው። ጉድለቱ ከምረቃ በኋላ ይታያል፤ ተመራቂው ሥራ ፍለጋ ሲበተን የሚቀበለው ተመሳሳይ ስብስብ የለም። በየደብሩ ያሉት ሰንበት ትምህርት ቤቶች ብርቱ ወጣቶች አሏቸው፤ ሆኖም ጉልበታቸው ከትምህርቱ ይልቅ ለመዝሙር ጥናትና ለጉዞ ዝግጅት የሚያደላበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ስልኩም አለ። የባጃጅ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ስብከት ያዳምጣል፤ በቴሌግራምና በዩቲዩብ የማይገኝ ትምህርት የለም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ከስልክ የሚሰማ ሰባኪ አድማጩን አያውቀውም፤ ሦስት እሑድ ቢቀር አይጠይቀውም። በተመልካች ብዛት የሚኖር ገጽ ደግሞ ከትምህርት ይልቅ ጠብ እንደሚያዋጣው ቶሎ ይረዳል። ሌላውን እምነት በመዝለፍ የሚታወቁ ሰባክያን ከየወገኑ የተበራከቱት በዚህ ነው።

የቀረቡ አማራጮች ሲመዘኑ

አንደኛው ወገን ቤተ ክርስቲያን ያጣችውን መንግሥታዊ ቦታ ማስመለስ ይሻል። ከላይ ያየነው ታሪክ መልስ ይሰጠዋል፤ በአዋጅ የተሰጠ በአዋጅ ይወሰዳል፤ ደጋፊ የሆነ መንግሥት ሿሚም መሆን ያምረዋል። የ2015 ዓ.ም. ውዝግብ ያስቆጣቸው ሰዎች የአንቀጽ 11 ጠበቃ መሆን ነበረባቸው።

ሁለተኛው ወገን ሃይማኖት የግል ጉዳይ ስለሆነ ከአደባባይ ይውጣ ይላል። የዚህ አስተሳሰብ በጎ ጎን ጥቂት የሆኑትን ከብዙኃኑ ጫና ለመጠበቅ ማሰቡ ነው፤ በባሕር ዳርም የመሰብሰቢያና የመቃብር ቦታ ማግኘት ለጥቂቶች ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቁ ያውቃሉ። ግን ታቦት ወጥቶ የሚያድርበትን ጥምቀት «የግል ጉዳይ» ማድረግ አይቻልም። ሕገ መንግሥቱም ይህን አይጠይቅም።

ሦስተኛው ወገን አጥርን ማጥበቅ ይመርጣል፤ ከሌላው ጋር አለመቀላቀል፣ አለመነጋገር። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ድንበር የሌለው ማኅበረሰብ ይሟሟል። ነገር ግን የዚህ አካባቢ ነባር ልማድ ድንበርና ጉርብትና አብረው እንደሚኖሩ ያሳያል። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሙስሊም እጅ የተባረከ ከብት ለይቶ ያዘጋጃል፤ ምጣዱም ድስቱም የተለየ ነው። ማንም የማንንም ሥጋ አይበላም፤ ማንም ግን ከሠርጉ አይቀርም። በሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ በታንኳ የሚሻገረው ግን መነኩሴውም ነጋዴውም ነበር። ወይጦዎቹ በኑሯቸው የተነሣ በጎረቤቶቻቸው ተንቀው መኖራቸውን መደበቅ አይገባም፤ ያ የእምነት ድንበር ሳይሆን የሰው ንቀት ነው፤ ክርስትናም አያጸድቀውም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ የምትሰጠን እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። የግብጽ ክርስቲያኖች ከሺህ ዓመት በላይ ያለ መንግሥት ድጋፍ፣ ብዙ ጊዜም በጫና ውስጥ፣ በቁጥር አንሰው ኖረዋል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሐቢብ ጊርጊስ የተባሉ ምእመን መምህር ልጆች እምነታቸውን እንደማያውቁ አይተው የሰንበት ትምህርት ቤት እንቅስቃሴን ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ጠቅላላ ኮሚቴው ተቋቋመ። ሥርዓተ ትምህርት በዕድሜ ተከፋፍሎ ተዘጋጀ፤ አስተማሪዎቹ ምእመናን ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2012 በመንበረ ማርቆስ የተቀመጡት ፖፕ ሺኖዳ ሣልሳዊ የዚያ እንቅስቃሴ ፍሬ ነበሩ። ካህናትና አገልጋዮች ከጉባኤ የቀረውን ሰው በየቤቱ ሄደው የሚፈልጉበት ቋሚ ልማድም አላቸው። የእነርሱ ታሪክ ከእኛ ይለያል፤ እኛ ገና ብዙኃን ነን። ትምህርቱን የጀመሩት ግን ጥቂት ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን አካባቢው እንደማያስተምርላቸው ስላወቁ ነው።

ወደፊት የሚጠበቀው

አሁን ባለው አካሄድ ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ። በአንድ በኩል በበዓላት አደባባይ ይበልጥ ይሞላል፤ የሃይማኖት ምልክት በልብስና በመኪና ላይ ይበዛል። በሌላ በኩል የሚያምነውን የሚያውቅ፣ የንስሐ አባት ያለው፣ የሚቆርብ ሰው ድርሻ ይቀንሳል። ምልክት በበዛበትና ትምህርት ባነሰበት ቦታ እምነት በቀላሉ የማንነት ፖለቲካ መሣሪያ ይሆናል፤ ለከተማው ሰላም የሚያሰጋውም ከእምነት መጥፋት ይልቅ ይህ ነው።

ማስተካከያው በአብዛኛው በአጥቢያ እጅ ነው። ሰበካ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኗ የአጥቢያ መተዳደሪያ ደንብ በሆነው በቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን አቅፎ የተዋቀረ ነው፤ ምእመናንን የመመዝገብ ሥራም የእርሱ ነው። መዝገቡ ግን በአብዛኛው የባለ ቤቶች መዝገብ ነው፤ ተከራይ ሲገባም ሲወጣም አይታይበትም። ተከራዮችን በሰፈር በሰፈር መዝግቦ ለየሰፈሩ አንድ ካህንና ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ መመደብ የሕንጻ ወጪ አይጠይቅም። ጠላ መጥመቅ ለማይችሉ ተከራዮች የደብሩን አዳራሽ በወር አንድ ምሽት ለጽዋ መክፈትም እንዲሁ፤ ዳቦና ውኃ ይበቃል። ከሙዳየ ምጽዋቱ ገቢ ለአብነት መምህርና ለተማሪዎቹ የተወሰነ ድርሻ በየዓመቱ በጀት ተደርጎ ቢያዝ፣ ተማሪው የብረት በር ማንኳኳት አይጠበቅበትም። ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባና ድምፅ ነው።